ግድግዳው ቆሞ ውኃው ከቆመ፦ ስለ ቻይና የወንዝ ዳር መንደሮች አጠባበቅ

ቅርስ ይጠበቅ ሲባል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ጥንታዊው ግንብ እንዳይፈርስ፣ የተቀረጸውም እንጨት በምስጥ እንዳይበላ መጠንቀቅ በእርግጥ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የቻይናን ጥንታዊ የወንዝ ዳር መንደሮች አሠራር በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ ቁም ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በእነዚህ መንደሮች ዋናው ቅርስ በቤቶቹ መካከል የሚፈሰው ውኃና ያንን ውኃ ተስማምቶ የሚጠቀመው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ቤቱን ጠብቆ ውኃውንና ነዋሪውን መዘንጋት፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን እንደማስቀመጥ ይቆጠራል።

ለአብነት በምሥራቅ ቻይና፣ በአንሁዊ ግዛት የምትገኘውን የሆንግጹን መንደር እንመልከት። መንደሯን እ.ኤ.አ. በ1131 የመሠረቱት ዋንግ የተባሉ ቤተ ዘመዶች ናቸው። በሰሜን ተራራ ይከልላታል፣ በምዕራብ ጅረት ያልፋል። ፌንግ ሹይ በተባለው ጥንታዊ የቻይናውያን ትምህርት መሠረት መልካም መንደር ጀርባውን ለተራራ፣ ፊቱን ለውኃ መስጠት አለበት። በዚህ ትምህርት ውስጥ እምነት ከልምድ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። የልምዱ ክፍል ግን ለሳይንስ እንግዳ አይደለም፤ ተራራው የሰሜኑን ብርድ ይመልሳል፣ ወደ ደቡብ የዞረው ቤትም የክረምቱን ፀሐይ ያገኛል።

የሆንግጹን ሰዎች ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ጅረቱን ከመንደሩ ከፍ ካለ ሥፍራ ላይ በድንጋይ ግድብ ጠልፈው በጠባብ ቦይ ወደ ቤቶቻቸው መሩት። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመንደሩ መካከል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ኩሬ ቆፈሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1607 ደግሞ በስተደቡብ ሰፋ ያለውን ሐይቅ ሠርተው ጨረሱ። ውኃው ያለ አንዳች ሞተር፣ በመሬት ስበት ብቻ፣ በየደጃፉ እያለፈ ወደ ኩሬው፣ ከኩሬው ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁም ወደ እርሻው ይወርዳል። ነዋሪዎቹ መንደራቸውን በበሬ ይመስሏታል፤ ተራራው ራሱ፣ ቦዩ አንጀቱ፣ ኩሬው ጨጓራው፣ ሐይቁም ሆዱ ነው። ይህም ምሳሌ መንደሩ እንደ ሕያው አካል ተያይዞ የሚሠራ መሆኑን በሚገባ ይገልጻል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ብዙ ነው። ውኃ ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚቀበልና በሚተንበትም ጊዜ ከአካባቢው ሙቀት ስለሚወስድ የበጋውን ወበቅ ያቀዘቅዛል። ቤቶቹ በአብዛኛው የእንጨት ስለሆኑ የእሳት አደጋ ቢነሳ ማጥፊያው ከደጃፍ አይርቅም፤ ከጣሪያው በላይ ከፍ ብለው የተሠሩት፣ የፈረስ ራስ የሚባሉት ግድግዳዎችም እሳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት ያግዳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ደንብ ነበር። በማለዳ ከቦዩ የሚቀዳው ለመጠጥና ለምግብ ሲሆን እጥበት የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ስምምነት ባይኖር ኖሮ ከላይ ያለው ቤት ሲያጥብ ከታች ያለው እድፉን በጠጣ ነበር። ስለዚህ ቦዩን የሠራው ድንጋይ ጠራቢ ቢሆንም ንጽሕናውን የጠበቀው ጉርብትና ነው ማለት ይቻላል።

ከያንግትሴ ወንዝ በስተደቡብ ባለው ሜዳማ አገር ደግሞ አሠራሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1229 በድንጋይ ላይ የተቀረጸው የሱጆ ከተማ ካርታ መንገዶችና ቦዮች ጎን ለጎን ተዘርግተው ያሳያል። እንደ ጆጁዋንግ ባሉት አነስተኛ ከተሞችም የቤቱ ፊት ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ ቦይ ይዞራል፤ ከጓሮው እስከ ውኃው የሚያደርስ የድንጋይ ደረጃም አለ። ቦዩ መንገድም ገበያም ነበር። የጭነት መኪና በመጣ ጊዜ ግን በብዙ ከተሞች ቦዮች ተደፍነው ጎዳና ሆኑ። በ1980ዎቹ የቶንግጂ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሯን ዪሳን ለጆጁዋንግና ለመሰሎቿ የጥበቃ ዕቅድ ያወጡት ይህን ጥፋት ለመግታት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። ሆንግጹን ከሺዲ መንደር ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የታሪካዊ ከተሞችና መንደሮች ጥበቃ ደንብ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በ646 መንደሮች የተጀመረው የባህላዊ መንደሮች ብሔራዊ መዝገብም በ2023 8,155 ደርሷል።

ይሁንና መዝገብ ላይ መስፈር ሁሉን አይፈታም። በጄጂያንግ ግዛት የምትገኘው የዉጀን ምዕራባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 ለጎብኚዎች ስትከፈት ቤቶቹ ታድሰው፣ ሽቦና ቧንቧው ከመሬት በታች ተቀብሮ፣ ፍሳሹም ሥርዓት ይዞ ነበር። ነዋሪዎቿ ግን አስቀድመው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ነበር፤ በቤቶቻቸውም የሚያድረው እንግዳ ሆነ። በሆንግጹን ነዋሪው ባይለቅም ከመግቢያ ትኬት ገቢ የሚደርሰው ድርሻ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ጨለማና እርጥበት ባለበት፣ መታጠቢያና መጸዳጃ በሌለው ቤት ሰው እንዲኖር ማስገደድ ፍትሕ ነውን? በፍጹም አይደለም። ማንም ሰው የሌላው መመልከቻ ሆኖ በችግር እንዲኖር ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን የዉጀን ሥራ ራሱ የሚመሰክረው ጥንታዊውን ቤት ሳያፈርሱ ቧንቧና ፍሳሽ ማስገባት የሚቻል መሆኑን ነው። ለእንግዳ ማደሪያ የተቻለው ለባለቤቱ የማይቻልበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። ልዩነቱ ወጪው ለማን ይሁን በሚለው ውሳኔ ላይ ነው።

ነገ መሐንዲስ፣ የሥነ ሕይወት ወይም የከተማ ፕላን ባለሙያ የምትሆኑ ተማሪዎች ይህን ልታጤኑ ይገባል። የአንድ የወንዝ ዳር መንደር ጥበቃ ሲመዘን ስንት ቤት ታደሰ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ውኃው ዛሬም ከላይ እስከ እርሻው ይደርሳልን? ንጽሕናውስ ተለክቷልን? ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው፣ በመንደሩስ ያድራልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ዕቅድ፣ ግድግዳውን ቢያቆምም መንደሩን አላዳነም።