ቤት ያፈራውን

በእኛ አገር ስለ ምግብ በደስታ መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። ስለ ሐዘን የጻፈ ሰው ጥልቅ ነው ይባላል፤ ስለ አገር ዕጣ የጻፈ አሳቢ ይባላል፤ ስለ ሽሮ የጻፈ ግን “ሆዳም” እንዳይባል ብዕሩን ይሰበስባል። ልጆች ሳለን ከፊደል ቀድመን የተማርነው የማዕድ ሥርዐት ነው፦ ሰው ሲበላ ዐይን ዐይኑን አለማየት፣ ከፊት ለፊት ካለው መቍረስ፣ ጎረቤት ቤት ስንገኝ ደግሞ ባንበላም “በልቻለሁ” ማለት። ይህን ጨዋነት አልነቅፍም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን ከጨዋነቱ ጋር አንድ ሐሳብ ሳናስተውለው አብሮ የገባብን ይመስለኛል፤ ይኸውም ቁም ነገር ሁሉ ከማዕድ ውጭ ነው፣ የቤትና የገበታ ደስታ ግን ተራ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ። ዛሬ የምከራከረው ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ አይስማማም። አማርኛ ተናጋሪ ሲከፋው “ሆድ ባሰኝ” ይላል፤ ታጋሹን “ሆደ ሰፊ”፣ እንባው ቅርብ የሆነውን “ሆደ ቡቡ” ይለዋል። ምስጢር የሚደበቀው በሆድ ነው፤ ቂምም የሚያዘው በሆድ ነው፤ እናት ልጇን ስታቆላምጥ “ሆዴ” ትላለች። ፍቅርም፣ ትዕግሥትም፣ ሐዘንም ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ተስፋ ብቻውን ሌላ ቤት የሚከራይበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ተስፋ ማለት ለነገ ተብሎ ዛሬ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ከማንም በላይ አዘውትሮ የሚሠራው ቤተሰብ ነው፤ የሚሠራበትም ቦታ ማዕድ ቤት ነው።

ተስፋን ከወሬ ላይ መልቀም እንደማይቻል ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ገባ፤ ለወራት ያህል ጉርሻ የሚያስፈራ ነገር ሆነ፤ ዘመድ ከዘመዱ ደጅ ቆሞ በእጁ ምልክት ተሰናበተ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ወደ አማራና ወደ አፋርም ተዛመተ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ሆኖም በሌላ አቅጣጫ ተኩሱ አላባራም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት “ነገ ምን ይመጣል?” ብሎ ሬዲዮ የከፈተ ሰው የሚያጽናና መልስ አላገኘም። ያው ሰው ግን ሬዲዮውን ዘግቶ ወደ ጓዳ ቢዘልቅ በቡሃቃ ውስጥ ሊጥ ተቦክቶ ያገኝ ነበር።

ይህ ሊጥ በደንብ ቢታሰብበት የሚያስደንቅ ነገር ነው። የጤፍ ዱቄት በውሃና በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ይቆያል፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ውሃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱ ተመልሶ ይቀላቀላል፤ ከዚያም ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ሐሙስ ማታ የምታቦካ ሴት እሑድን ታምናለች ማለት ነው። እሑድ ቤተሰቡ ይኖራል፣ ምጣዱ ይሰማል፣ የሚቆርስ እጅ አይጠፋም ብላ ታምናለች። ይህን እምነቷን ማንም አይጽፍላትም፤ እሷም እምነት ነው አትለውም፤ “ሊጥ አለብኝ” ብቻ ትላለች።

እርሾው ደግሞ ከሊጡ ይበልጥ ይናገራል። እርሾ ካለፈው ሊጥ ለሚመጣው ሊጥ የሚቀመጥ ነው። ሁሉን አሟጦ የጋገረ ሰው እርሾ የለውም፤ ከጎረቤት ሊለምን ይወጣል፤ ጎረቤትም ይሰጣል፤ እርሾ ቢሰጡት የማይጎድል ነገር ነውና። ስለዚህ በየቤታችን ያለው እርሾ የማን እንደነበረ አይታወቅም። እኛ ከጎረቤት፣ ጎረቤታችን ከእናቷ፣ እናቷ ከሌላ መንደር ያመጣችው ሊሆን ይችላል። የሐረግ ቆጠራ በምንወድበት በዚህ ዘመን ዘር ሳይጠየቅ ከቤት ቤት የሚሄድ ነገር መኖሩ እኔን ያጽናናኛል።

የበርበሬውን ነገርም እናንሣ። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ተደልዞ፣ እንደገና ደርቆ፣ በኮረሪማና በአዝሙድ ታጅቦ እስኪፈጭ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያስነጥሳል። የሚዘጋጀው ለዛሬ ማታ ወጥ አይደለም፤ ለዓመት ነው። እናቴ በርበሬዋን ስታሰጣ ፊቷ ላይ የማየውን ነገር በሌላ ሥራ ጊዜ አላየውም። እጇ በርበሬውን ሲያገላብጥ አፏ ሰው ይቆጥራል፤ ይህን ያህል ለእኛ፣ ይህን ያህል ለታናሽ ወንድሜ ቤት፣ ይህን ያህል ደግሞ ዓረብ አገር ለምትሠራው እኅቴ። ያቺ ድርሻ ከሽሮና ከድርቆሽ ጋር ታስራ የሚሄድ መንገደኛ ትጠብቃለች። እኅቴ እንደምትለው ጥቅሉን በፈታች ዕለት መጀመሪያ የምታደርገው ማሽተት ነው። ወጡ በኋላ ይደርሳል።

ቋንቋችን ለገበታ ያበጃቸውን ቃላት ደግሞ እንመልከት። እየበላ ያለ ሰው መንገደኛ ሲያይ “ብላ” አይልም፤ “እንብላ” ይላል፤ የመጣው ሰው ገና ሳይቀመጥ ባለ ድርሻ ሆኗል። እንግዳ አልበላም ሲል ባለቤቷ “በሞቴ” ትላለች። ሞትን ያህል አስፈሪ ነገር ጠርታ የምታዘው አንድ ጉርሻ ነው! ሞት በዚህ ዓለም ለበጎ ሥራ የሚላክበት ቦታ ቢኖር የእኛ ገበታ ብቻ ይመስለኛል። ገበታው ሲቀርብም “ቤት ያፈራውን ቅመሱ” ይባላል። ይህን አነጋገር ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። አያካብድም፤ “ድግስ ደገስኩላችሁ” አይልም። አያማርርም፤ “ምንም የለኝም” አይልም። ቤት ልክ እንደ ዛፍ ያፈራል፤ ዛሬ ያፈራው ይህ ነው፤ ነገ ሌላ ያፈራ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ የተስፋ ትርጓሜ አላውቅም።

ቡናችንም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል። የሚጨመረው ውሃ ብቻ ስለሆነ በረካ ከሁሉ የቀጠነ ነው፤ ስሙ ግን “በረከት” ማለት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ምርጡን ስም ለወፍራሙ አልሰጡትም፤ ለቀጭኑ ሰጡት። ምክንያቱም በረካ ላይ ስኒው ውስጥ ያለው ነገር ቢያንስም ጨዋታው ደርቷል፤ የተኳረፈው ታርቋል፤ ሊሄድ የተነሣው ተቀምጧል። በረከቱ ከቡናው ወደ ሰዎቹ ዞሯል።

በእኔ ቤት እሑድ የእንጀራ ቀን ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከምጣዱ አጠገብ አትርቅም፤ የምትጠብቀው እንጎቻዋን ነው። ለልጅ ተብላ የምትጋገረው ያቺ ትንሽ እንጀራ በጣዕም ከትልቁ የምትለይ አይመስለኝም፤ ልጄ ግን ትለያለች ትላለች፤ “የኔ ናት” የምትለው ነገር ስለሆነች ትክክል ሳትሆን አትቀርም። አንዳንድ እሑድ ግማሽ ሊጥ እንደተጋገረ መብራት ይሄዳል። ሊጡ ይጠብቃል፤ እኛም እንጠብቃለን። ከዚያ ሰዓታት አልፈው መብራቱ ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች ከየግቢው በአንድ ድምፅ “መጣ!” ብለው ይጮኻሉ። ያንን ጩኸት ስሰማ ፈገግ የማልልበት ቀን የለም። ከተማው ሁሉ ባንድ ጊዜ የተደሰተበት ነገር አንዲት አምፑል መሆኗን ሳስብ፣ ደስታ ትልቅ ምክንያት የሚጠይቅ ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። “ሰው በሚራብበትና በሚሞትበት አገር ስለ እንጎቻና ስለ በረካ ማውራት ራስን ማታለል ነው፤ በትንሽ ነገር መደሰትን የሚሰብክ ሰው ለበደለኞች እረፍት ይሰጣል” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አቃልዬ አላየውም። ጤፍ ከብዙ ቤት እየራቀ ነው፤ በሩዝ፣ በበቆሎና በማሽላ እየቀላቀለ የሚጋግር ብዙ ነው፤ ምሳና ራቱን አንድ ያደረገ ቤተሰብም አለ። ባዶ መሶብ ለተቀመጠበት ሰው “በትንሽ ነገር ተደሰት” ብሎ መምከር ጭካኔ ነው። “ይበቃኛል” የሚለው ቃል የሚያምረው ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ነው፤ ስለ ሌላው ሲናገረው ግን ስስት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ደስታን መተው ለተራበው እንጀራ አይሆነውም። የራሴን ገበታ በሐዘን ብበላ የጎረቤቴ መሶብ አይሞላም። የሚሞላው ከእኔ ተቆርሶ ሲሄድ ነው፤ ቆርሶ የሚሰጠው ደግሞ የማዕድን ጣዕም የሚያውቅ ሰው ነው። በፋሲካ የክርስቲያኑ ገበታ፣ በረመዳን ምሽት የሙስሊሙ ሳምቡሳ ለጎረቤት ሳይደርስ የማይቀርበት ሰፈር ገና አለን። አንዲት ዶሮ በ12 ብልት የምትወጣው ለብዙ ሰው እንድትዳረስ ነው። ገበታ የሰላም ጊዜ ሕይወት ምን እንደሚመስል በየዕለቱ ያስታውሰናል። ምን እንደጠፋ የማያውቅ ሕዝብ ምን እንዲመለስለት እንደሚጠይቅም አያውቅም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን ታላቅ ረኃብ አስቡት። የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጅቶ እርሻው ያለ በሬ ቀረ፤ ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። የተረፉት ሰዎች ለዚያ ጊዜ ስም ሲያወጡለት “ክፉ ቀን” አሉት። ዓመታት የፈጀውን መከራ “ቀን” አሉት! ቀን ደግሞ ይመሻል። እነዚያ ሰዎች ስለ ችግር ከእኛ ያነሰ አያውቁም ነበር፤ መከራውን አልካዱትም፤ “ክፉ” ብለውታል። ርዝመቱን ግን እንዲገዛቸው አልፈቀዱለትም። እኛም የተወለድነው ከእነዚህ ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ይህ ሁሉ ቃል ባዶ ይሆናል። የምናወድሰው ገበታ የሴቶች ወገብ ላይ የቆመ ነው። ጢሱን የሚውጡት፣ ሊጡን የሚያስቡት፣ ሁሉም ከበላ በኋላ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። በርበሬውን የሚያደንቅ ወንድ ዛላውን አብሮ ካልቀነጠሰ አድናቆቱ የእንግዳ አድናቆት ነው። ተስፋ ሥራ ነው ካልን ሥራው እኩል ይከፈል። ወንድ ልጅ አብሲት መጣል ቢማር ከወንድነቱ ምንም አይጎድልም፤ ቤቱ ግን ያተርፋል። እናቶቻችን በዐይን የሚለኩትን ቅመምም ዛሬ ካልጠየቅናቸውና ካልጻፍነው የሚመልስልን መዝገብ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በቀን አንድ ጊዜ ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጥ፤ ስልኩ ከእጅ ይውረድ፤ ልጆች ሊጡን ይንኩት፤ እንጎቻቸው አትከልከል። ከተቻለ አንድ ድርሻ ከፍ ብላ በር ለሚያንኳኳ ትቀመጥ። ይህ አገር አያድንም የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ብቻውን አያድንም። አገር የሚድንበት ቀን ሲመጣ ግን ያ ቀን የሚቀመጥበት ቤት፣ የሚቆርሰው እንጀራ ያስፈልገዋል። እርሾው እስከዚያው እንዳይደርቅ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ቤታችሁ ያፍራ፤ ማዕዳችሁን ያበርክትላችሁ፤ ከዓመት ዓመት ያድርሰን።