ፀጉራችንን ውኃ አልወሰደውም

እንግሊዛዊው የባሕር ሕይወት ተመራማሪ አሊስተር ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1960 በ«ኒው ሳይንቲስት» መጽሔት ላይ፣ ሰው የገላ ፀጉሩን ያጣው ቅድመ አያቶቹ ከውኃ ጋር ተላምደው ይኖሩ ስለነበር ነው ሲል ጻፈ። ኢሌን ሞርጋን በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ሐሳቡን ለብዙ አንባቢ አደረሰችው። ሐሳቡ ይማርካል፤ ክርክሩ ግን ውኃ አያነሳም።

ኑሮው ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ውስጥ የሆነውን የባሕር ኦተር እንመልከት። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቆዳው ላይ ብቻ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ፀጉር ይበቅላል፤ ሰው በራሱ ላይ በሙሉ ያለውን ያህል ማለት ነው! ውኃ ውስጥ የሚውለው ቢቨርም ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አለው። ውኃ ፀጉር የሚያራግፍ ቢሆን ኖሮ እነዚህ መላጣ በሆኑ ነበር። ፀጉር አልባዎቹ ጉማሬና ዓሣ ነባሪ ሙቀት በቀላሉ የማያጣ ግዙፍ አካል አላቸው፤ ቀጭኑ ሰው ከእነርሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሃርዲ የራስ ፀጉር የቀረው ዋናተኛው አናቱን ከውኃ በላይ ስለሚያወጣ ነው ይላል። የብብቱስ?

አሳማኙ መልስ ያለው ላብ ላይ ነው። ቆዳችን ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢ ይዟል። በጠራራ ፀሐይ የሚሮጥ ሰው ጀርባው ላይ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል፤ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ቢኖር ይህ ትነት በተስተጓጎለ ነበር። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት አናት ግን የፀጉር ጥላውን አላጣም።