ጠረፍ ተሻግሮ ስለሚሰበሰብ የወንጀል ማስረጃ

ዳኛ የሚፈርደው በማስረጃ ነው። ማስረጃ ያልቀረበበት ክስ፤ ከሳሹ ምንም ያህል ቢያምንበት፤ ከሐሜት አይለይም። ይሁን እንጂ በዛሬው ዘመን በአንድ አገር ለተሠራ ወንጀል ምስክሩ በሌላ አገር፤ ገንዘቡ በሦስተኛው አገር ባንክ፤ ወንጀለኞቹ የተላላኩት ቃል በአራተኛው አገር መዝገብ ይገኛል። የዳኛውና የዓቃቤ ሕጉ ሥልጣን ግን ከአገራቸው ወሰን አያልፍም። ስለዚህ ማስረጃው ያለበትን አገር መንግሥት እርዳታ መለመን ግድ ይሆናል።

የአውሮፓ መንግሥታት ይህን ችግር ለማቃለል ብዙ ዘመን ደክመዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በወንጀል ነገር ለመረዳዳት በስትራስቡርግ ከተማ ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል የልመናው ደብዳቤ እንደ ደንቡ በፍርድ ሚኒስቴሮች በኩል እንዲተላለፍ ሲደረግ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ግን አልተወሰነም ነበር። ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር ምስክር ይሞታል፤ ገንዘብ ይሸሻል፤ ሰነድም ይጠፋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተመልክቶ በ2014 «የአውሮፓ የምርመራ ትእዛዝ» የተባለውን ደንብ አወጣ፤ አገሮቹም ከሜይ 22 ቀን 2017 ጀምሮ እንዲሠሩበት አዘዘ። አየርላንድና ዴንማርክ አልገቡበትም። በዚህ ደንብ መሠረት ዳኛው ወይም ዓቃቤ ሕጉ ለሁሉ አንድ የሆነውን ቅጽ ሞልቶ በቀጥታ ለሌላው አገር ባለሥልጣን ይልካል። ተቀባዩም ብርቱ ምክንያት ካላዘገየው በቀር በ30 ቀን ውስጥ ወስኖ፤ ከዚያ ወዲያ በ90 ቀን ማስረጃውን መሰብሰብ አለበት። እምቢ ለማለት የሚቻለው ደንቡ በዘረዘረው ምክንያት ብቻ ነው፤ ይኸውም ለምሳሌ የአገር ጸጥታ ሲነካ፤ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ሊከሰስ ሲሆን፤ ወይም መሠረታዊ መብት የሚጣስ ሲሆን ነው።

ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፤ የማስረጃ መፍጠን ብቻውን ፍርድን አያቀናም። በ2020 የፈረንሳይ ዣንዳርሞች ከሆላንድ ጋር ተባብረው ኤንክሮቻት የተባለውን የምስጢር ስልክ መልእክት ጠለፉ። የአውሮፓ ፖሊስ መሥሪያ ቤት በ2023 እንዳስታወቀው በዚህ ሥራ 6,558 ሰዎች ተይዘዋል፤ 900 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብም ተወርሷል ወይም ታግዷል። ፈረንሳይ ግን ጠለፋው የተሠራበትን ዘዴ የአገር መከላከያ ምስጢር ነው ብላ ሸሸገች። በሌላ አገር የተከሰሰውም ሰው፤ እንዴት እንደ ተገኘ ለማላውቀው ማስረጃ ምን መልስ ልስጥ ቢል፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

በሉክሰምቡርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በአፕሪል 30 ቀን 2024 በሰጠው ፍርድ ሁለቱን ወገን መዘነ። በሌላው አገር እጅ የገባውን ማስረጃ ለመጠየቅ፤ የአገሩ ሕግ በውስጥ ጉዳይ የሚፈቅድለት ዓቃቤ ሕግ ያለ ዳኛ ፈቃድ ትእዛዙን ሊያወጣ ይችላል አለ። ዳሩ ግን ተከሳሹ በሚገባ ሊከራከርበት ያልቻለና በፍሬ ነገሩ ውሳኔ ላይ እጅግ የሚከብድ ማስረጃ ሲሆን፤ ፍርድ ቤቱ እንዲተወው አዘዘ። አስቀድሞም በ2021 ስለ ቡልጋሪያ በቀረበ ነገር፤ ይግባኝ የሚባልበት መንገድ በሌለበት አገር የፍተሻ ትእዛዝ ወደ ውጭ አገር ሊላክ አይገባም ብሎ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚተማመኑት የያንዳንዳቸው ፍርድ ቤት ተከሳሹን በእውነት የሚሰማ ሲሆን ነው። ደንቡ ተከሳሹም ሆነ ጠበቃው በአገሩ ሕግ መሠረት ትእዛዙ እንዲወጣለት ለመጠየቅ እንዲችል ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ዓቃቤ ሕግ ብዙ ረዳትና መሥሪያ ቤት ሲኖረው ተከሳሹ ብቻውን ነው። ስለዚህ ንጹሕ መሆኑን የሚያስረዳለት ምስክር ባሕር ማዶ ያለ ሰው፤ የዓቃቤ ሕጉ ወረቀት በሚሄድበት ፍጥነት የእርሱም ጥያቄ እንዲሄድለት ማድረግ የእያንዳንዱ አገር ሕግ አውጪ ግዴታ ነው። ማስረጃ ጠረፍ ሲሻገር የመከራከር መብትም አብሮት ይሻገር።