ቀለም ለዋጩ የባሕር እንስሳና የእኛ ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ዕለታተ ፍጥረት ሲሰብክ ኦክቶፐስን አንሥቶ ነበር። ይህ እንስሳ የተጣበቀበትን ዐለት ይመስላል፤ ዓሦችም ዐለት መስሏቸው ሲጠጉ ይይዛቸዋል። ሊቁ በእርሱ የመሰላቸው ከባለሥልጣን ጋር እንደ ጊዜው የሚገለባበጡትን፣ ከጨዋ ጋር ጨዋ ከዋልጌ ጋር ዋልጌ የሚሆኑትን ነው።

ከከሚሴ ባሕሩ ሩቅ ነው፤ በቦርከናም ኦክቶፐስ አይገኝም። (የጥንት ዘመዶቹ ግን በሀገራችን በድንጋይ ተቀርጸው ቀርተዋል፤ በትግራይ በሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ አሞናይት የሚባሉት ጥምዝማዝ ቅርፊቶች ይገኛሉ።) በዕለተ ሐሙስ ከባሕር ከተገኙት ፍጥረታት እንደ እርሱ የሚያስደንቅ ጥቂት ነው። እግሮቹ የሚበቅሉት ከራሱ ነው። ልቡ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ደሙን ወደሚተነፍስባቸው አካላት፣ ሦስተኛው ወደ ቀረው ሰውነቱ ይገፋሉ። ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ደሙ ሰማያዊ ነው። አብዛኞቹ የነርቭ ሕዋሳቱ ያሉት በአንጎሉ ሳይሆን በእግሮቹ ውስጥ ነው። ቆዳው ቀለም በቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው፤ በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ሲለጥጧቸው ቀለሙ ይሰፋል፣ ሲለቋቸው ይሰበሰባል። ትእዛዙ በነርቭ ስለሚደርስ ለውጡ በቅጽበት ይፈጸማል። ይበልጥ የሚገርመው፣ በአብዛኞቹ ዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ አንድ ዓይነት ብቻ በመሆኑ፣ የሚመስለውን ቀለም ራሱ እንደማይለይ መታመኑ ነው።

ነገር ግን ኦክቶፐስ ቀለሙን የሚለውጠው ለማደን ብቻ አይደለም። አጥንትም ቅርፊትም የሌለው ለስላሳ ሥጋ ነውና እንዳይበላ ጭምር ይሰወራል። ቅዱስ ባስልዮስ የወቀሰው አዳኙን ነው፤ የሚታደነውን አይደለም። እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማተቡን በኮሌታው የሸፈነውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፈጥነን «ቀለሙን ለወጠ» እንላለን። መሸፈኑን አላመሰግንም። ሆኖም እርሱ የፈራ ልጅ ነው፤ ማንንም አላጠመደም። የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ወንድም ነው።

እንዲሁም በከሚሴ ከሙስሊም ጎረቤታችን ጋር በኦሮምኛ ስንጫወት፣ በለቅሶው ስንቀመጥ፣ በሰርጉ ስንገኝ ቀለም መለወጥ የሚመስላቸው አሉ። ጎረቤታችን ማን እንደሆንን ያውቃል፤ ተታልሎ የቀረበን የለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ከአይሁድ ጋር እንደ አይሁዳዊ የሆነው ሊያድናቸው እንጂ ሊያጠምዳቸው አልነበረም።

የሊቁ ተግሣጽ በትክክል የሚያርፈው ሰው ዐለት ነው ብሎ በተጠጋው ላይ ነው፦ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ታምኖ፣ የማኅበሩን ገንዘብ በሚያጎድለው፤ በጉባኤ ስለ ፍቅር አስተምሮ የተነገረውን ምሥጢር በአደባባይ በሚያወጣው። ይህ ከወጣቱ ይልቅ እኛን አገልጋዮቹን ይመለከታል፤ መጠጊያ የምንመስለው እኛ ነንና።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱትን ስንሸኝ «ቀለማችሁን እንዳትለውጡ» ከማለታችን በፊት፣ በየግቢ ጉባኤው የሚቀበላቸውን ሰው ስልክ እንስጣቸው፤ እኛም በሳምንቱ እንደውልላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።