የኮምፒዩተርን ገጽታ መለወጥ ጥፋት ነውን?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ስትጀምሩ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሸማ ሱቆች ተደርድረው ታያላችሁ። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ኩታው አብዛኛው ነጭ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ጥለቱ ነው። ገዢዋ የጥጡን ጥራት በጣቷ ዳስሳ ቶሎ ትጨርስና ረጅሙን ጊዜ የምታጠፋው ጥለቱን በመምረጥ ነው። አንዱን ታነሣለች፣ ወደ ብርሃን አውጥታ ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ሌላ ታስወርዳለች። ይህን ያህል ጊዜ በጥለት ላይ ማጥፋት ከንቱ ነው ብሎ የተቈጣት ነጋዴ እስካሁን አላየሁም። የሚለብሰው ሰው እንዲመርጥ መተው በዚያ ሰፈር ደንብ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሸማ ልጽፍላችሁ አስቤ አይደለም፤ ስለ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚታያችሁ፣ ፋይሎችና ፕሮግራሞች በትናንሽ ሥዕሎች ተመስለው የሚቀመጡበት ገጽ ዴስክቶፕ ይባላል። የዚህ ገጽ የጀርባ ሥዕል፣ የመስኮቶቹ ቀለም፣ የፊደሎቹ መጠን፣ የጠቋሚው ቅርጽ፣ አንዳንዴም ማሽኑ የሚያሰማው ድምፅ በአንድነት ተሰናድተው ሲቀመጡ «ገጽታ» ይባላሉ፤ ብዙ ሰዎች በእንግሊዝኛው አጠራር «ቲም» ይሉታል። እኔ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ገጽታ የለወጠ ተማሪ እንደ አጥፊ ይቈጠራል። ክልከላው ስሕተት ነው እላለሁ። ይህን ለማለት የበቃሁትም ራሴ ከልክዬ፣ ራሴ ቀጥቼ፣ በኋላም ራሴ አፍሬ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። የኮምፒዩተር መምህሩ ለተጨማሪ ትምህርት ሲሄድ ክፍሉን የመጠበቅ ኀላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። ስለ ማሽኖቹ የማውቀው ጥቂት ስለ ነበር የዕውቀቴን ማነስ በደንብ ብዛት ለማካካስ ሞከርሁ። አምስት አንቀጽ ያለው ማስታወቂያ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍሁ፤ አራተኛው አንቀጽ «የማሽኑን መልክ መለወጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይል ነበር።

በክፍሉ የነበሩት ሃያ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ዐይነት ሥዕል ያሳዩ ነበር፤ ሰማያዊ ሰማይ፣ ነጭ ደመና፣ ለስላሳ አረንጓዴ ኮረብታ። ይህ ሥዕል በ1994 ዓ.ም. ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ ቻርለስ ኦሪር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ያነሣው ነው። በክፍሉ መስኮት በኩል ደግሞ የእኛው እንጦጦ ባሕር ዛፉን ለብሶ ቆሞ ይታይ ነበር። ሃያ እስክሪኖች የካሊፎርኒያን ኮረብታ እያሳዩ እውነተኛው ተራራ በመስኮቱ ሲመለከተን አንድም ቀን አልገረመኝም። (ባሕር ዛፉም ቢሆን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ኖረ ቤተኛ ሆኗል።)

አንድ ማክሰኞ ከማእዘኑ የሚገኘው ኮምፒዩተር ጠቁሮ አገኘሁት። ኮረብታው የለም፤ ገጹ በሙሉ ጥቁር፣ ፊደሎቹ ነጭና ትልልቅ፣ ጠቋሚው የአውራ ጣት ያህል ሆኗል። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥሁ። ሌላ መምህር መጥቶ መለሰልኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እንደ ገና ጠቁሮ ጠበቀኝ። አድራጊዋ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መሆኗን ደረስሁበት። በተማሪዎች ፊት ገሠጽኋት፤ ሁለት ሳምንት ወደ ክፍሉ እንዳትገባም ከለከልኋት። አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ አንድም ቃል አልመለሰችም።

በዚያው ሳምንት የድርሰት ደብተሮችን ሳርም የእርሷን አገኘሁ። ፊደሎቿ ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ይበልጡ ነበር፤ ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ የነበረባት ምንባብ ደግሞ የጎረቤቷን ስሕተቶች ሳይቀር የያዘ ነበር። ከሰሌዳው ሳይሆን ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጥ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጠርቼ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ነጩ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል» አለችኝ። «ጥቁር ሲሆንና ፊደሉ ሲተልቅ ግን ራሴ አነበዋለሁ።»

«ታዲያ ይህን ማን አሳየሽ፣ ልጄ?»

«ማንም አላሳየኝም፤ እየነካካሁ ነው ያገኘሁት።»

እንግዲህ አራተኛው አንቀጽ የከለከለው ይህንን ነበር። ያቺ ልጅ ገጹን ያጠቆረችው ለጌጥ አልነበረም፤ ለማንበብ ነበር። በተለይ ደካማ ዓይን ላላቸው ተብሎ የተሰናዳ «ከፍተኛ ንፅፅር» የሚባል ገጽታ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የግራውን ሺፍት፣ የግራውን አልትና ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቁልፍ በአንድነት መጫን ብቻ ይበቃል፤ ማሽኑ ፈቃዳችሁን ጠይቆ ይለውጠዋል፤ ያንኑ ስትደግሙት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በእርግጥ ዓይናቸው ጤናማ የሆነ አብዛኞቹ ሰዎች በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ይቀልላቸዋል። ለዚህም ነው ለሁሉም አንድ ገጽታ መደንገግ የማያስኬደው።

ይሁን እንጂ መከራከሪያዬን በዓይን ሕመም ብቻ ላቁመው አልፈልግም፤ ዓይኑ ደኅና የሆነውም ተማሪ ሊለውጥ ይገባዋል ባይ ነኝ። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ሸማኔው ልመለስ። ሸማኔው ጥለት ሲጥል ድሩን እየቈጠረ ነው፤ ይህን ያህል ክር ያነሣል፣ ይህን ያህል ይተዋል፣ ባለ ቀለሙን ማግ ያሳልፋል። ከሩቅ አበባ ወይም መስቀል መስሎ የሚታየው ነገር ቀርባችሁ ስታዩት ቍጥር ነው። የኮምፒዩተር ገጽም እንዲሁ ነው። በ1976 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ቀለም አልነበረውም፤ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ባለቤቱ ግን በመቈጣጠሪያ ገጹ ላይ ስምንት በስምንት የሆነ፣ ማለትም ስልሳ አራት ነጥብ ያለው አንድ ትንሽ አራት ማእዘን ይሰጠው ነበር። እያንዳንዱን ነጥብ በማውስ እየነካ ሲያጠቁረውና ሲያነጣው ያች ትንሽ ጥለት በዴስክቶፑ ሁሉ ላይ እየተደገመች ትሞላዋለች። ከዚህ በላይ ለሸማኔ የቀረበ ሥራ አላውቅም። ያን ያደረገ ልጅ ሥዕል ማለት የነጥቦች ድርድር መሆኑን፣ የሚያየውም ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ወቅት የወሰነው መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ዛሬ ነጥቦቹ በሚሊዮን ስለሚቈጠሩ ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። ትምህርቱ ግን አልተለወጠም። ገጽታ የለወጠ ተማሪ ማሽኑ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሊቀር የተፈረደበት ዕቃ አለመሆኑን ያያል። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሌላስ ምን ይለወጣል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ አሥር ገጽ ይበልጣል።

ለዚህ ከአገራችን የተገኘ ምስክር አለኝ። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዳቸው ሃያ ለሚያህሉ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶችን አደለ። ማሽኖቹ ከነካርቶናቸው ተቀመጡ፤ አስተማሪም መመሪያም አልነበረም፤ ኀይል የሚሞሉት በፀሐይ ብርሃን ነበር። ድርጅቱ ልጆቹ የዴስክቶፑን መልክ እንዳይለውጡ የሚያግድ ፕሮግራም ጭኖባቸው ነበር። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከአምስት ወር ያህል በኋላ ልጆቹ እገዳውን አልፈው የእያንዳንዳቸውን ታብሌት ገጽ በየራሳቸው መልክ አሰናድተውት ተገኙ። የድርጅቱ የቴክኖሎጂ ኀላፊ ኤድ ማክኒርኒ በዚህ አልተቈጣም፤ እንዲያውም ለመማር አስፈላጊ የሆነው የመፍጠርና የመመርመር ጠባይ ይህ ነው ሲል መሰከረ። ወሬውን ያወጡት የሙከራው ባለቤቶች ራሳቸው ስለሆኑ፣ ታብሌት መምህርን ይተካል እስከ ማለት እንደ ደረሱት ሰዎች አልደሰትበትም። ነገር ግን ፊደል ያልቈጠሩ ሕፃናት ሊያደርጉት ከፈለጉት ነገር አንዱ ማሽኑን የራሳቸው ማስመሰል መሆኑን ልብ በሉ። የወንጪ ሕፃን ያለ ፈቃድ ያደረገውን የእንጦጦ ግርጌ ተማሪ በፈቃድ እንዳያደርግ የምንከለክለው ስለ ምንድን ነው?

ተቃዋሚዎቼ የሚሉት ፍሬ የለውም አልልም። አንደኛው መከራከሪያቸው ማሽኑ የጋራ ነው የሚል ነው። ጧት አንዱ ያጠቆረውን ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ሌላው ተማሪ ሊያነበው ሊቸገር ይችላል። እውነት ነው፤ መድኀኒቱ ግን ክልከላ አይደለም። ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ የመግቢያ መለያ ከተከፈተለት፣ የመረጠው ገጽታ በመለያው ሥር ይቀመጥለታል፤ ሌላው ሲገባ የራሱን ያገኛል። ይህን ለመሥራት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እኔ ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር፤ ለማወቅም አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከበድ ይላል። ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርዱ ገጽታዎች አንዳንዶቹ ቫይረስ አዝለው ይመጣሉ። በዚህ ከከልካዮቹ ጋር እስማማለሁ፤ በትምህርት ቤት ማሽን ላይ ምንጩ ያልታወቀ ነገር አትጫኑ። በማሽኑ ውስጥ ያለው ምርጫና እናንተው በስልካችሁ ያነሣችሁት ፎቶግራፍ ይበቃችኋል። ጊዜ ይባክናል የሚሉ ደግሞ አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ቢባክን ይባክን፤ ተማሪው ሥዕሉን ከመረጠ በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የሸማ ገዢዋም በመጨረሻ ገዝታ ትሄዳለች።

ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ብቻ ብትቀሩ ቅር ይለኛል። ከገጽታው ሁሉ በጣም ሊታሰብበት የሚገባው ቋንቋው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ በአገራችን የዱር እንስሳ የተሰየመውን «ኒያላ» የተባለ የፊደል ዐይነት ይዞ መጣ፤ የማሽኑን ትእዛዛት በአማርኛ የሚያሳይ ተጨማሪ ጥቅልም ተዘጋጀለት። ከዚያ ወዲህ የወጡትም ዊንዶውሶች ይህ አላቸው። ይሁንና የአማርኛ ድርሰት በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ተማሪ «አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ሲፈልግ አያለሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ «የአማርኛው ቃል እንግዳ ሆነብኝ» ይሉኛል። ከአንዳንዶቹ ትርጉሞች ጋር እኔም እጣላለሁ። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት አማርኛውን አድርጋችሁ ሞክሩት፤ የማይጥማችሁን ቃል በደብተራችሁ ጻፉ፤ በአጠገቡም የተሻለ የምትሉትን አስፍሩ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ብታመጡልኝ ኖሮ ከብዙ ድርሰት አስበልጬ አርመው ነበር።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ሁለቱ ሳምንታት ከመሙላታቸው በፊት መልሼ አስገባኋት፤ በተማሪዎች ፊት ስለ ገሠጽኋትም በተማሪዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከማእዘኑ ያለው ኮምፒዩተር ጥቁር ሆኖ እንዲቀር ወሰንሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከወደ መሀል ያለው አንድ ማሽን ላይ የካሊፎርኒያ ኮረብታ ጠፍቶ የእንጦጦ ማርያም ፎቶግራፍ ተተካ፤ ቀጥሎም የአንድ ልጅ ታናሽ እኅት፣ ቀጥሎም አንድ የእግር ኳስ ቡድን። የኮምፒዩተር መምህሩ ሲመለስ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቦ አራተኛው አንቀጽ ለምን በእስክሪፕቶ እንደ ተሰረዘ ጠየቀኝ። እንዲያስረዳልኝ ወደ ልጅቷ መራሁት።