ጀላባ የሚለው ስም

በኢትዮጵያ ሲራራ ነጋዴ የምንለውን ሰው ሱዳኖች ጀላባ ይሉታል። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው «አምጪ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ዓ.ም. የግብጽ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ ግብሩ ስለ ከበደባቸው፥ ከካርቱም በስተሰሜን በዓባይ ዳር የሚኖሩ ብዙ ገበሬዎች እርሻቸውን ትተው በዚህ ንግድ ገቡ። ጨርቅ፥ ስኳር፥ ዶቃና ሽቱ በአህያና በግመል ጭነው በኮርዶፋንና በዳርፉር መንደሮች ይዞሩ ነበር፤ ገንዘብ በሌለበትም ዕቃን በዕቃ እየለወጡ ሙጫና የሰጎን ላባ ይዘው ይመለሱ ነበር። በመተማ ገበያም ከሐበሻ ነጋዴዎች ቡናና ሰም ይገዙ ነበር።

ይሁን እንጂ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሰውንም እንደ ዕቃ ይሸጡና ይለውጡ ነበር። ስለዚህ ስኳርና ጨርቅ ያመጣው ሰው ስሙ በደቡብና በምዕራብ ሱዳን የቂም ስም ሆነ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ እንኳ፥ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ከካርቱም የተላከ ሹምም፥ ምንም ሳይነግድ፥ በደቡብ ሰዎች አፍ ጀላባ ተባለ።

እንግዲህ ወደ ባላገር የሚላክ ሹም ይህን ቃል ሲያጠና ታሪኩንም አብሮ ያጥና። ባላገር መንገደኛን የሚያስታውሰው ያመጣለትን ከወሰደበት ጋር መዝኖ ነውና።