ስለ ጉድጓድ ውኃና ስለ መሬቱ ጠባይ

በግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ውኃው በስንት ክንድ እንደሚገኝ ነው። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ሊጠይቅ የሚገባው ውኃው ከላዩ ምን ዓይነት መሬት እንደ ለበሰ ነበር። ዝናም ከመጸዳጃውና ከከብቱ በረት ያጠበውን እድፍ ይዞ ሲወርድ፥ አጣርቶ የሚይዘው ወይም ሳያጣራ የሚያሳልፈው መሬቱ ነውና።

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጉና በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ስለ ነበረ፥ የአገሩ አለት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ፥ ሊቃውንት ባዛልት የሚሉት ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህም ድንጋይ ሲበርድ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ የሚሄድ ውኃ በቧንቧ እንደሚወርድ ይፈጥናል እንጂ አይጣራም። በተዳፋቱም ላይ አፈሩን ጎርፍ ያሳሳው ስለ ሆነ እድፉን የሚይዝለት የለም። እንዲሁም በሁለት የድንጋይ ንብርብር መካከል ቀይ ጭቃ ሲገኝ፥ ውኃውን አግዶ በገደሉ ጎን ምንጭ አድርጎ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የላይኛው ቤት መጸዳጃ የታችኛውን ጎረቤት ምንጭ ሊያረክስ ይችላል።

ወፍራም ቀይ አፈር ባለበት ስፍራ ግን ውኃው በዝግታ ስለሚወርድ፥ የበሽታ ተሐዋስያን በመንገድ ተይዘው ይሞታሉ። ርብና ጉማራ የሚያቋርጡት የፎገራ ሜዳ ዋልካ ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። በክረምት አብጦ ይገጥማል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ አፉን ይከፍታልና፥ የመጀመሪያው ዝናም የሜዳውን አዛባ ይዞ በስንጥቁ ይገባል።

መጸዳጃ ከውኃ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው ደንብ የታወቀ ነው። ደንቡ መልካም ነው፤ ሆኖም የተሰነጠቀ አለት በቅርብ ባለበት አይበቃምና ርቀቱን መጨመር፥ መጸዳጃውንም ከጉድጓዱ በታች በኩል ማድረግ፥ ግርጌውንም ከምድር ውስጥ ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። ከመጸዳጃና ከማዳበሪያ የሚገባውን ናይትሬት የሚባለውን ነገር ግን አያጠፋውም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚህ እጅግ ሲያልፍ በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ደሙ ኦክሲጂን መሸከም ይሳነዋል፥ ከንፈሩም ይጠቁራል። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፤ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚሉን ሰዎች ይህን አያስቡም። እንግዲህ የዱቄት ወተት የምታበጠብጥ እመቤት የጉድጓዷን ውኃ አስቀድማ ታስመርምር፤ እስኪመረመርም ድረስ ለሕፃኑ ከሌላ ስፍራ ይቀዳለት።